በጥድ ወገን ዛፎች ግንድ ውስጥ የእንጨት ጠባይ አለዋወጥና የቃላቱ አሰያየም

ስለ ደንና ስለ እንጨት ሥራ በውጭ ቋንቋ የተጻፈውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረው በባዕዳን ቃላት ብዛት አይደለም። ካምቢየም፣ ትራኪድ፣ ሊግኒን የሚሉትን ቃላት እንዳሉ በፊደላችን ጽፎ በመጀመሪያው አገባባቸው ላይ ቢያብራራቸው አንባቢው አይጎዳም፤ የማያውቀውን ቃል እንደማያውቀው ያውቃልና። የሚያስቸግሩት ቀላል የሚመስሉት ቃላት ናቸው። «ልብ»፣ «ለጋ»፣ «ለስላሳ»፣ «የበጋ» የሚሉት ቃላት ለማንም አማርኛ ተናጋሪ የታወቁ ስለሆኑ አንባቢው ተረዳሁ ብሎ ያልፋል፤ የተረዳው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የቃላት ምርጫ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በአንድ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። አንድ የግንባታ መመሪያ፣ በእንግሊዝኛ «ጁቬናይል ውድ» የሚባለውን የእንጨት ክፍል ለጣሪያ ወራጅ እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቅቃል እንበል። ተርጓሚው «ለጋ እንጨት» ብሎ ቢመልሰው አናጢው ቀጭኑንና ገና ያልጎለመሰውን ዛፍ ይተውና ከትልቅ ግንድ መካከል የተሰነጠቀውን ሞራሌ ያለሥጋት ይመርጣል። መመሪያው ያስጠነቀቀው ግን በትክክል ስለዚሁ የመካከል ክፍል ነበር። ተርጓሚው ይህን ተረድቶ «የእንጨቱን ልብ አትጠቀሙ» ቢል ደግሞ ሌላ ጥፋት ይከተላል፤ የሐበሻ ጥድ ቋሚ የሚተክል ሰው ምስጥና ብስባሴ የማይደፍረውን ቀዩን ልብ ጥሎ ነጩን ዳር መሬት ውስጥ ይቀብራል። እንግዲህ ለአንድ ስያሜ ሁለት ፍቺዎች ቀርበው ሁለቱም በተቃራኒ አቅጣጫ አሳሳቱ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጥድ ወገን ዛፎች ግንድ ውስጥ የእንጨት ጠባይ ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ በአጭሩ መግለጽና ለእያንዳንዱ ልዩነት የሚስማማውን ስያሜ ከነምክንያቱ ማቅረብ ነው። ጉዳዩን ሳያውቁ ቃሉን መምረጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ማብራሪያው ከስያሜው ይቀድማል።

ሀ/ ስለ ወገኑ መጠሪያ

የውጭ ቋንቋዎች ይህን የዛፍ ወገን የሚጠሩት በላቲን «ኮን ተሸካሚ» የሚል ፍቺ ባለው ስም ነው። ስሙ ፓይንን ለሚያውቅ አገር ይስማማል። በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት የዚህ ወገን ዛፎች ግን ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም በሳይንሳዊ ስሙ ዩኒፐሩስ ፕሮሴራ የሚባለው የሐበሻ ጥድና አፍሮካርፑስ ፋልካቱስ የሚባለው ዝግባ ናቸው። የጥዱ ኮን ሥጋማ ሆኖ የቅጠላ ቅጠል ፍሬ ይመስላል፤ ዝግባውም እንጨታማ ኮን የለውም። ስለሆነም «ኮን ተሸካሚ» የሚለው ቀጥተኛ ትርጉም የሁለቱንም ዛፎች አንባቢ ግራ ያጋባል። በሁለተኛ ደረጃ የሚቀርበው «ለስላሳ እንጨት» የሚለው የንግድ ስያሜ ከዚህ የባሰ ነው፤ ሰፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች መካከል እንደ ባልሳ ያለው ከማንኛውም ጥድ ይልቅ ለስላሳ ሲሆን «ጠንካራ እንጨት» ከሚባለው ክፍል ይመደባል። ስለዚህ «የጥድ ወገን ዛፎች» የሚለው አገላለጽ ይመረጣል።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የሊባኖስ ዝግባ» የተባለው ዛፍ ከእኛ ዝግባ ጋር የስም እንጂ የዘር አንድነት የለውም። እንግሊዞች በፊናቸው የሐበሻን ጥድ በሊባኖሱ ዛፍ ስም ይጠሩታል። ከውጭ የመጣውና በተክል ደን የሚለማው ኩፕሬሱስ ሉሲታኒካም በእኛ ዘንድ «የፈረንጅ ጥድ» ተብሏል። ስለዚህ ተርጓሚው የዛፉን የተለመደ ስም በተለመደ ስም ከመመለሱ በፊት ሳይንሳዊ ስሙን መመልከት ይገባዋል።

ለ/ የግንዱ አሠራር

የጥድ ወገን ዛፍ ግንድ በሁለት መንገድ ያድጋል። በጫፉ ወደ ላይ ይረዝማል፤ በጎኑ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ካምቢየም በሚባል ስስ የሕዋሳት ንጣፍ አማካይነት ይወፍራል። ካምቢየም ወደ ውስጥ እንጨትን፣ ወደ ውጭ የቅርፊቱን ውስጠኛ ክፍል ይሠራል። እያንዳንዱ አዲስ የእንጨት ንጣፍ በቀድሞው ላይ ይደረባል፤ አንድ ጊዜ የተሠራው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። በዚህ ምክንያት በአንድ ቁራጭ ግንድ ገጽ ላይ ወደ መካከል በቀረብን ቍጥር ቀደም ብሎ የተሠራውን እንጨት እናገኛለን። ይህን መሠረታዊ ነገር የዘነጋ ሰው ከዚህ በታች የሚመጡትን ስያሜዎች ሁሉ ይገለብጣቸዋል።

በግንዱ ማዕከል የሚገኘው ቀጭንና ልል ክፍል «መቅኔ» ቢባል ተገቢ ነው። ጀርመንኛ ለአጥንት መቅኔና ለዚህ የዛፍ ክፍል በአንድ ቃል ይጠቀማል፤ ሳይንሳዊው የላቲን ስምም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው። አማርኛችንም ቃሉን በአጥንት ውስጥ ላለው ልል ነገር ስለያዘው ለዛፉ ለማዋስ አያስቸግርም። በአንዳንድ ትርጉሞች እንደሚታየው መቅኔውን «ልብ» ማለት ግን ከዚህ በታች እንደምናየው ለሌላ ክፍል የተያዘውን ስም መቀማት ነው።

የእንጨቱ አካል አብዛኛው፣ ከመቶ ዘጠና እጁ ያህል፣ ትራኪድ ከሚባሉ ረጃጅም ሕዋሳት የተሠራ ነው። የበሰለ ትራኪድ እንደ ዛፉ ዓይነት ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ርዝመቱ ከስፋቱ መቶ እጅ ያህል ይበልጣል። ትራኪዱ ግድግዳውን ሠርቶ ሲጨርስ ይሞታል፤ የሞተው ቱቦም ውኃውን ከሥር ወደ ቅጠል ያሳልፋል፣ ግንዱንም ያቆማል። ሰፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች የሚለየው በዚህ ነው፤ በእነዚያ ውኃ ማሳለፍና ማቆም ለተለያዩ ሕዋሳት የተከፋፈሉ ሥራዎች ሲሆኑ፣ በጥድ ወገን ግን አንዱ ሕዋስ ሁለቱንም ይሠራል። ስለሆነም የትራኪዱ ርዝመት፣ የግድግዳው ውፍረትና የግድግዳው አሠራር ከተለወጠ የእንጨቱ ጠባይ በሙሉ ይለወጣል።

የሕዋስ ግድግዳው ቁስ እፍግታ በሁሉም እንጨት ዘንድ ተቀራራቢ ሲሆን፣ ደርቆ ሲለካ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.5 ግራም ያህል ነው። አንዱ እንጨት ከባድ፣ ሌላው ቀላል የሚሆነው በግድግዳውና በባዶው ቦታ መካከል ባለው መጠን ምክንያት ነው። «እፍግታ» የሚለው ቃል በእንጨት ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ የሚለካው በአመዛኙ ይህን መጠን መሆኑን መገንዘብ ይጠቅማል።

ሐ/ በአንድ ቀለበት ውስጥ ያለ ልዩነት

የመጀመሪያው ልዩነት በሚሊሜትር ይለካል። በዕድገቱ ወቅት መጀመሪያ ካምቢየም ሰፊ ቀዳዳና ስስ ግድግዳ ያላቸውን ትራኪዶች ይሠራል፤ ወደ ወቅቱ ማብቂያ ቀዳዳው ይጠብባል፣ ግድግዳውም ይወፍራል። በፓይን ወገን የኋለኛው ክፍል እፍግታ ከፊተኛው ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በመላጊያ በተላገ ሳንቃ ላይ ፈዘዝ ያለና ጠቆር ያለ መስመር እየተፈራረቀ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። መሮ በአንዱ ላይ ይሰምጣል፣ በሌላው ላይ ይነጥራል።

የቆዩ የአውሮፓ መጻሕፍት ሁለቱን ክፍሎች በወቅቶች ስም ይጠሯቸው ነበር፤ ፊተኛውን ከብርዱ ማግሥት በሚመጣው ወቅት፣ ኋለኛውን በሙቀቱ ወቅት ሰይመዋቸዋል። በእነዚህ ስሞች የተጻፈውን ቃል በቃል «የጸደይ እንጨት» እና «የበጋ እንጨት» ብሎ መመለስ ሁለት ስሕተቶችን ያስከትላል። አንደኛ፣ በጋ በእኛ ዘንድ የደረቅ ወራት ስም ሲሆን፣ ብዙ ዛፍ ዕድገቱን የሚያዘገይበት ወይም የሚያቆምበት ነው፤ የአውሮፓው የሙቀት ወራት ግን የዕድገት ወራት ነው። «የበጋ እንጨት» የሚለውን ያነበበ ሰው በድርቅ የተሠራ እንጨት መሆኑን ይገምታል። ሁለተኛ፣ «ጸደይ» በባሕረ ሐሳቡ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ያለውን ክፍል ሲያመለክት፣ በዛሬው አነጋገር ብዙዎች የመስከረምን አበባ ወራት ይሉበታል፤ ስለዚህ የትኛው እንደታሰበ አይታወቅም። አዳዲሶቹ የሙያ መጻሕፍት ወቅቱን ትተው በቅደም ተከተሉ መሰየማቸው መንገዱን ያቃልልናል። እኛም «ቀዳሚ እንጨት» እና «ተከታይ እንጨት» እንበል። «ቀዳማይ» የሚለው የግእዝ ቅርጽ ለጆሮ ቢያምርም በዕፀዋት ትምህርት ቀዳማይና ካልኣይ ዕድገት ለሚባለው ሌላ ክፍፍል ስለሚያስፈልግ እዚህ ባይገባ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር «ዓመታዊ ቀለበት» የሚለው አባባል ምርመራ ይሻል። ክረምቱ በብርድ በሚለይበት አገር በየዓመቱ አንድ ቀለበት መቍጠር ይቻላል። በኢትዮጵያ ደጋ የሐበሻ ጥድ ቀለበት የሚሠራው በዝናብና በድርቅ መፈራረቅ ነው። የበልግና የክረምት ዝናብ በሁለት ተከፍሎ በሚዘንብበት ሥፍራ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊታይ ይችላል። ዝግባ ደግሞ ቀለበቱ በግልጽ አይለይም። ስለዚህ ቃሉ ዕድሜን ሳያስገድድ «የዕድገት ቀለበት» ቢባል ለሁሉም ይሆናል፤ «ዓመታዊ» የሚለው ቅጽል የሚገባው ደራሲው በዓመት አንድ መሆኑን በግልጽ ሲናገር ብቻ ነው።

መ/ ከመቅኔ ወደ ቅርፊት ያለ ልዩነት

ሁለተኛው ልዩነት ከሁሉም የሚበልጠውና በትርጉም ብዙ የሚያሳስተው ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ካርል ጉስታፍ ሳኒዮ በፒኑስ ሲልቬስትሪስ፣ ማለትም በተለመደው የአውሮፓ ፓይን፣ ላይ ያደረገውን ልኬታ አሳተመ። ያገኘውም የትራኪዶች መጠን ከውስጥ ወደ ውጭ በተወሰኑ ቀለበቶች ውስጥ እየጨመረ ሄዶ ከአንድ ደረጃ ሲደርስ በዚያው እንደሚጸና ነው። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች በሌሎች ዛፎች ዝርዝሩን ቢያሻሽሉትም መሠረተ ሐሳቡ ቆይቷል። በፓይን ዛፎች ከመቅኔው አጠገብ 1 ሚሊሜትር ያህል የነበረው ትራኪድ በውጭው ክፍል 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ይደርሳል።

ከርዝመቱ ጋር የግድግዳው አሠራርም ይለወጣል። የትራኪዱ ግድግዳ በዓይን በማይታዩ የሴሉሎስ ክሮች የተጠመጠመ ነው። ፈትል በእንዝርት ላይ ሲጠመጠም አንዳንዴ ተጋድሞ ዙሪያውን ይዞራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ቀና ብሎ በርዝመቱ ይወጣል። በውጨኛው እንጨት ክሮቹ ከሕዋሱ ርዝመት የሚያዘነብሉት ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንጨቱን በርዝመቱ መሳብ ክሮቹን ራሳቸውን እንደ መሳብ ይቆጠራል። ከመቅኔው አጠገብ ግን ዝንባሌው ከ30 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ እንጨቱም ሲጫኑት እንደ ጥምዝ ሽቦ ይለጠጣል። የመካከሉ እንጨት ከጭነት በታች የሚጎብጠው በዋነኛው በዚህ ምክንያት ነው። በፓይን ወገን በዚህ ላይ የእፍግታው ማነስ ይጨመርበታል። በአውሮፓው ስፕሩስ እፍግታው ከመቅኔው አጠገብ ከፍ ብሎ ጀምሮ ዝቅ ይልና እንደገና ስለሚያድግ፣ እፍግታን ብቻ የሚመለከት ሰው ይሳሳታል።

ይኸው የክር ዝንባሌ እንጨቱ ሲደርቅ የሚያሳየውንም ጠባይ ይወስናል። እርጥብ እንጨት ፈጽሞ ሲደርቅ በስፋቱ በብዙ መቶኛ ይኮማተራል፤ በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመካከል ወደ ዳር ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። በርዝመቱ ግን በደኅናው እንጨት ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ስለሆነ አናጢ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከመቅኔው አጠገብ ያለው እንጨት በአንዳንድ ዛፎች እስከ 2 በመቶ በርዝመቱ ሊኮማተር ይችላል። በ4 ሜትር ሳንቃ ሲሰላ የፊተኛው ከ4 እስከ 8 ሚሊሜትር፣ የኋለኛው 8 ሴንቲሜትር ይሆናል። አንዱ ጎኑ ከመካከል፣ ሌላው ጎኑ ከውጭ የተሰነጠቀ ሞራሌ ሲደርቅ የሚጣመመው አንዱ ወገን ሲያጥር ሌላው ስለማያጥር ነው።

ስያሜው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ይህን የመካከል ክፍል «የልጅነት» እንጨት ማለቱ እንጨቱ አዲስ ነው ለማለት አይደለም፤ ካምቢየሙ በዚያ ከፍታ ላይ ገና ልጅ ሳለ የሠራው ነው ለማለት ነው። በመቶ ዓመት ዛፍ ግርጌ፣ ከመቅኔው አጠገብ ያለው እንጨት በዛፉ ውስጥ ካለው ሁሉ ያረጀ ነው፤ ስሙ ግን «የልጅነት» ይባላል። በዚያው ዛፍ ጫፍ ዘንድሮ የተሠራውም በዚሁ ስም ይጠራል። ለጋነትና እርጅና በአንድ ስም የተደራረቡት ቆጠራው ከዛፉ ዕድሜ ሳይሆን ከመቅኔው ስለሚጀምር ነው። አማርኛው «ለጋ» ሲል የሚያመለክተው አዲስ የበቀለውንና በቀላሉ የሚታጠፈውን ነው፤ በተቆረጠ ግንድ ገጽ ላይ ለጋውን አሳዩን ቢባል ብዙ ሰው ከቅርፊቱ ሥር ያለውን እርጥቡን ክፍል ይጠቁማል። ስለሆነም ቃሉ ፍጹም ተቃራኒውን ቦታ ያሳያል።

መፍትሔው ስያሜውን ከዕድሜ አላቅቆ ከቦታ ጋር ማያያዝ ነው። ከመቅኔው ዙሪያ ያለውን «ውስጠኛ እንጨት»፣ ጠባዩ ከጸና በኋላ ያለውን «ውጨኛ እንጨት» እንበል። ወሰኑ በአንድ ቀለበት ላይ ድንገት የሚቆረጥ አይደለም፤ በሚለካውም ጠባይ ይለያያል። በኒውዚላንድ ለሚለማው ፒኑስ ራዲያታ ለሥራ እንዲያመች ከመቅኔው የመጀመሪያዎቹን 10 ቀለበቶች ውስጠኛ ብሎ መቁጠር የተለመደ ነው።

የነገሩን ክብደት ቀላል ስሌት ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ 10 ቀለበቶች እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲሜትር ቢሰፉ የውስጠኛው እንጨት ዲያሜትር 20 ሴንቲሜትር ይሆናል። ግንዱ 40 ሴንቲሜትር እስኪደርስ ቢቆይ ውስጠኛው ከገጹ አንድ አራተኛ ብቻ ነው። በ25 ሴንቲሜትር ቢቆረጥ ግን 64 በመቶው ውስጠኛ ይሆናል። በተክል ደን ቶሎ አድጎ ቶሎ የሚቆረጥ ዛፍ በስሙ ያው ዛፍ ቢሆንም በእንጨቱ ሌላ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሠ/ ስለ «ልብ»

ሦስተኛው ክፍፍል የጊዜ ነው። በውጭው ቀለበቶች ውስጥ ትራኪዶቹ ቢሞቱም በመካከላቸው ሕያዋን የሆኑ ፓረንኪማ የተባሉ ሕዋሳት አሉ፤ ውኃም የሚተላለፈው በዚያ ነው። ዛፉ ሲያድግ በውስጥ ያሉት እነዚህ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ከመሞታቸውም በፊት ልዩ ልዩ ቅመሞች ይሠራሉ። በሐበሻ ጥድ ለልቡ ቀይ ቡናማ ቀለምና መዓዛ የሚሰጡት፣ ከምስጥም የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው። ይህን ክፍል «ልብ» ማለት በቋንቋችን የተመቸና የማያሻማ ስለሆነ ሊለወጥ አይገባውም።

ለውጨኛው አቻው ስም ማግኘት ግን ያስቸግራል። «ነጭ እንጨት» ለጥድ ይሆናል፤ ልቡና ዳሩ በቀለም ለማይለይበት ለዝግባ ግን አይሆንም። «ወዛም እንጨት» የሚለው ሐሳብ ደግሞ አንባቢውን ወደ ጥዱ ልብ ይመልሰዋል፤ ቅባትና ሽታ ያለው እርሱ ነውና። ስለዚህ በሥራው «ውኃ አመላላሽ እንጨት» ብሎ መጥራት ቢረዝምም አያሳስትም።

በልብና በውስጠኛ እንጨት መካከል ያለውን ልዩነት ተርጓሚው አጥብቆ መያዝ አለበት። የውስጠኛው እንጨት ወሰን አንድ ጊዜ ከተሠራ አይንቀሳቀስም፤ የልቡ ወሰን ግን ዛፉ በኖረ መጠን ወደ ውጭ ይሰፋል። አንዱ የአሠራር፣ ሌላው የኋላ ለውጥ ውጤት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ክፍፍሎች ይጠላለፋሉ። በሽማግሌ ጥድ ውስጥ ከመቅኔው 60ኛው ቀለበት ላይ ያለው እንጨት ልብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ውጨኛ ነው። በአምስት ዓመት የፈረንጅ ጥድ ውስጥ ያለው ሁሉ ውስጠኛ እንጨት ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ገና ውኃ ያመላልሳል። አንደኛው መሬት ውስጥ ለመቆየት፣ ሁለተኛው ጭነት ለመሸከም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። በአንድ ቃል ሁለቱን መመለስ አይቻልም።

ረ/ ከሥር ወደ ጫፍ ያለ ልዩነት

ውስጠኛው እንጨት በመቅኔው ዙሪያ ከግርጌ እስከ ጫፍ እንደ ዓምድ ስለሚቆም፣ ግንዱም ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ከጫፍ የሚቆረጠው ግንድ አብዛኛው ውስጠኛ ይሆናል፤ ከግርጌው የሚቆረጠው ግን ወፍራም የውጨኛ እንጨት ቀሚስ አለው። ሳኒዮም የጸናው የትራኪድ መጠን ራሱ ከሥር ወደ ላይ እየጨመረ ከአንድ ከፍታ ከደረሰ በኋላ ወደ ጫፉ እንደሚቀንስ ተመልክቶ ነበር።

በ2004 እ.ኤ.አ. ቡርደንና ባልደረቦቹ በፒኑስ ራዲያታና በፒኑስ ቴዳ ላይ ተመሥርተው የስያሜ ማሻሻያ አቀረቡ። ከመቅኔ ወደ ቅርፊት ያለው ልዩነት በ«ውስጠኛ» እና «ውጨኛ» ብቻ እንዲጠራ፣ «ልጅነት» እና «ጉልምስና» የሚሉት ቃላት ግን ከሥር ወደ ላይ ላለው ልዩነት እንዲተዉ ነው። የዛፉ ጫፍ ከፍ ባለ ቍጥር እንደ ዕፀዋት ሥርዓት ይጎለምሳል፤ በግርጌው ያለው በዛፉ ልጅነት የተሠራ ነው። በፒኑስ ራዲያታ ከሁሉ ያነሰ ግትርነት ያለው በግርጌው ውስጠኛ እንጨት ዘንድ መገኘቱ የዚህን ክፍፍል ጥቅም ያሳያል። ሐሳቡ የቀድሞውን ስያሜ ከሁሉም መጻሕፍት አላስወጣም፤ ስለዚህ ተርጓሚው «የልጅነት እንጨት» የሚለውን ባገኘ ጊዜ ደራሲው በአግድም ወይስ በቁም እንደተናገረ መመርመር አለበት። ለአማርኛው ግን ይህ አጋጣሚ ነው። እኛ ገና ቃላቱን በመምረጥ ላይ ስለሆንን የሌላውን ቋንቋ የቆየ መደነጋገር መውረስ አያስፈልገንም። «ለጋ» እና «ጎልማሳ» የሚሉትን ለቁሙ ልዩነት ብቻ እናስቀምጣቸው።

ሰ/ ዘመም ያለ ግንድ

እስካሁን የተነገረው ቀጥ ብሎ ስለቆመ ግንድ ነው። ግንዱ በነፋስ ወይም በመሬት መንሸራተት ሲዘም የጥድ ወገን ዛፍ በዘመመበት በታችኛው ጎን ልዩ እንጨት ይሠራል። ቀለበቶቹ በዚያ ወገን ይሰፋሉ፤ ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላል፤ ሊግኒኑም ይበዛል። ይህ እንጨት ለመርዘም ስለሚገፋ ግንዱን ከሥር ወደ ላይ ቀና ያደርገዋል። ሰፊ ቅጠል ያላቸው ብዙ ዛፎች በተቃራኒው በላይኛው ጎን ልዩ እንጨት ሠርተው ግንዱን ይጎትቱታል። የጥድ ወገኑ ዓይነት ከባድ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን የክሮቹ ዝንባሌ ትልቅ ስለሆነ በርዝመቱ ከመጠን በላይ ይኮማተራል፣ ሲሰበርም ድንገት ይሰበራል።

የፊዚክስ መጻሕፍታችን «እመቃ» የሚለውን ቃል ስለለመዱ የመጀመሪያውን «የእመቃ እንጨት» ማለት ይታሰብ ይሆናል። ዳሩ ግን ይህ በፋብሪካ ከታመቀ እንጨት ጋር ይምታታል። «የዝማሜ እንጨት» የሚለውም ከዘመመ ቢወጣም በቤተ ክርስቲያን ለማኅሌቱ ሥርዓት የተያዘ ነው። የእንጨቱ ሥራ ግንዱን ማቃናት ስለሆነ የጋራ ስሙ «አቃኚ እንጨት»፣ የጥድ ወገኑ «ገፊ»፣ የሰፊ ቅጠሉ «ጎታች» ቢባል ቃሉ ሥራውን ራሱ ይገልጻል።

ሸ/ ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተመለከቱት ስያሜዎች ሲጠቃለሉ የሚከተሉት ናቸው።

የጥድ ወገን ዛፎች፦ ጥድን፣ ዝግባንና ፓይንን የሚያጠቃልል የወገን ስም።
መቅኔ፦ በግንድ ማዕከል ያለ ልል ክፍል።
የዕድገት ቀለበት፦ በአንድ የዕድገት ወቅት የተሠራ የእንጨት ንጣፍ።
ቀዳሚ እንጨት፣ ተከታይ እንጨት፦ በአንድ ቀለበት ውስጥ በወቅቱ መጀመሪያና ማብቂያ የተሠሩ ክፍሎች።
ውስጠኛ እንጨት፣ ውጨኛ እንጨት፦ ጠባዩ ገና በመለዋወጥ ላይ ያለው የመቅኔው ዙሪያና ጠባዩ የጸናው ክፍል።
ልብ፣ ውኃ አመላላሽ እንጨት፦ ሕያዋን ሕዋሳቱ ያለቁበት ክፍልና ያላለቁበት ክፍል።
ለጋ እንጨት፣ ጎልማሳ እንጨት፦ ከሥር ወደ ጫፍ ላለው ልዩነት ብቻ።
አቃኚ እንጨት (ገፊ፣ ጎታች)፦ በዘመመ ግንድ የሚሠራ።

ከዝርዝሩ ይልቅ የሚጠቅመው ዝርዝሩ የተሠራበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ ቃል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይለካል፤ አንዱ በቀለበት ውስጥ፣ አንዱ ከመካከል ወደ ዳር፣ አንዱ ከሥር ወደ ጫፍ፣ አንዱ ሕዋሳቱ በኖሩበት ዘመን፣ አንዱ በዘመመበት ጎን። ተርጓሚው ማንኛውንም የእንጨት ስም ከመመለሱ በፊት «ይህ ቃል በየትኛው አቅጣጫ ይለካል?» ብሎ ቢጠይቅ የመዝገበ ቃላቱ ገጽ ባይደርሰውም አይስትም። ጥያቄውን ሳይጠይቅ የሚመርጠው ቃል ግን ምንም ያህል ጥሩ አማርኛ ቢሆን ከቤቱ ጣሪያ ሥር ያለውን ሰው አይጠብቀውም።